ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነግቶለት ለሚነሳ ልጅ ምን ይደረግ?

ልጁ ማታ 2 ሰዓት ሳይሞላ ድብን ብሎ ይተኛል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳል። ይነሳል ስል ውኃ ጠጥቶ ተመልሶ የሚተኛ አይምሰላችሁ። ለእሱ ነግቷል። ይሮጣል፣ ድስት ይከፍታል፣ ይስቃል፣ አንዳንዴም ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ባለበት ክልትው ይላል። ጎረቤት «አሞላቃችሁት» ይላል። አያት «ዓይነ ጥላ ነው» ይላሉ። እናት መሐል ላይ ናት፤ ከተኛች ስንት ጊዜዋ።

ይህ መመሪያ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አብሮት የተወለደ የጤና ችግር ያለበትን ልጅ ለሚያሳድጉ የጎንደር ቤተሰቦች ነው። ልጁ አድጎ ወጣት ከሆነም አብዛኛው ይሠራል። ዋናው ሐሳቤ አንድ ነው፦ የሌሊቱ ሥራ የሚጀመረው ጠዋት ነው። ሌሊት ላይ ከልጁ ጋር ትግል የገጠመ ቤተሰብ ሲያሸንፍ አላየሁም።

በመጀመሪያ ግን ጥፋቱ የአስተዳደግ አለመሆኑን እንተማመን። ስሚዝ-ማጌኒስ ሲንድረም የሚባል ችግር አለ። አን ስሚዝና ኤለን ማጌኒስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ያሳወቁት ነው። ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ከሚወለዱ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይታያል ተብሎ ይገመታል። ምክንያቱ 17ኛው ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የሚሸከመው ክር) ላይ አንዲት ቁራጭ መጉደሏ ነው፤ በጥቂቶቹ ደግሞ እዚያው ያለ አንድ ዘረመል ይበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ አይደለም። እነዚህ ልጆች ንግግር ይዘገይባቸዋል፣ ድምፃቸው ጎርነን ይላል፣ ሲደሰቱ ራሳቸውን እቅፍ ያደርጋሉ፣ ጣታቸውን እየላሱ ገጽ መገልበጥ ይወዳሉ። ሲናደዱ ግን እጃቸውን ይነክሳሉ፣ ጥፍራቸውን ይነቅላሉ።

እንቅልፋቸው ላይ ያለው ነገር ግን የጉድ ነው። አንጎላችን ውስጥ ያለች ትንሽ ዕጢ ሲመሽ ሜላቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ታመነጫለች። «መሽቷል፣ ተኛ» የሚል መልእክት ነው። በአብዛኞቹ የስሚዝ-ማጌኒስ ልጆች ላይ ይህ መልእክት የሚመጣው በቀን ነው፤ ሌሊት ይጠፋል። ልጁ አልባለገም ማለት ነው። ሰውነቱ የያዘው ሰዓት ከእኛ ጋር አልገጠመም።

አብረው የሚወለዱ ሌሎች ችግሮችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አንጀልማን ሲንድረም ያለበት ልጅ ትንሽ ተኝቶ ይበቃዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጥል በሽታም አብሮት አለ። ፕራደር-ዊሊ ያለበት ደግሞ በተቃራኒው ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ከበድ ካለ ትንፋሹም ይቆራረጣል። ዳውን ሲንድረም እንደነዚህ ብርቅ ባይሆንም ሌሊት የመተንፈስ ችግር የሚያጠቃው ብዙ ልጅ ስላለው እዚህ ይመደብ። ሲወለድ ጀምሮ ብርሃን ጭራሽ የማያይ ልጅም ሰዓቱ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ሊንሸራተት ይችላል። የልጃችሁ ችግር ስም ካልወጣለት አትጨነቁ። የዘረመል ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ለመጀመር ስሙን መጠበቅ አያስፈልግም።

1. ለሁለት ሳምንት መዝግቡ

አንድ የትምህርት ቤት ደብተር ይበቃል። ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ሰዓት ነቃ፣ ተመልሶ ተኛ ወይ፣ ቀን መቼ አንቀላፋ፣ ማታ ምን በላ፣ ምን መድኃኒት ወሰደ። ሌላ ዝባዝንኬ አያስፈልግም። ደብተሩ አናት ላይ «ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ነው» ብላችሁ ጻፉ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት፣ እናት በሐበሻ ሰዓት፣ ሐኪሙ በሌላ ሲሆን የሚፈጠረው ትርምስ ቀላል አይደለም።

በተጨማሪ ልጁ ተኝቶ ሳለ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ደረቱና አፉ ይታይ፣ ድምፁ ይሰማ። ለሐኪም ከመቶ ቃል ይልቅ ይህ ቪዲዮ ይጠቅመዋል።

ለማነጻጸር ያህል፦ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ጎረምሳ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል።

2. እንቅልፉን የሚሰብር ሌላ ሕመም እንዳለ ፈልጉ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ የእንቅልፍ ሽሮፕ ፍለጋ ይሄዳል። «የተፈጥሮው ነው» እየተባለ ሊድን የሚችል ነገር ሳይታይ ይቀራል።

ትንፋሽ። ልጁ በየሌሊቱ ያንኮራፋል? ትንፋሹ ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት እንደታፈነ ሰው ይንደቀደቃል? አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ወይም ቁጭ ብሎ ይተኛል? በብርድ ሌሊት ላብ በላብ ይሆናል? ጠዋት ራሱን ያመዋል? እነዚህ የአየር ቧንቧ እየተዘጋ መሆኑን ይጠቁማሉ። ፊታቸው መሐሉ ጠፍጠፍ ያለ፣ አገጫቸው ትንሽ፣ ምላሳቸው ትልቅ ወይም ጡንቻቸው ልል የሆነ ልጆች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። ያበጠ ቶንሲል ሲጨመርበት ይብሳል። ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉና ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ሂዱ፤ የአንገት በላይ ሐኪም እንዲያየውም ጠይቁ። ቪዲዮውን አሳዩ። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ለረጅም ጊዜ ከቆመ ግን ሪፈር ምናምን ሳትሉ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

የሚጥል በሽታ። ሁሉም እንደምናውቀው ወድቆ በመንፈራገጥ አይመጣም። ሌሊት ብድግ ብሎ መገተር፣ ዓይን ወደ ላይ መሰቀል፣ አፍን ማላመጥ፣ በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ሽንት መልቀቅ ሊሆን ይችላል። ሲከሰት በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፤ ክብሪት አታሽትቱት። 5 ደቂቃ ካለፈው ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ሕመም። አንዳንዶቹ፣ በተለይ የስሚዝ-ማጌኒስ ልጆች፣ ሕመም እንደሌላው ሰው አይሰማቸውም። ሌሎቹ ደግሞ «ያመኛል» ብለው መናገር አይችሉም። ስለዚህ እናንተ ፈልጉ። ጆሮውን ይጎትታል? ጥርሱ ተቦርቡሯል? ሆዱ ደርቆ ስንት ቀኑ ነው? ጋደም ሲል ቃር ያስቸግረዋል? ሌሊት መቀመጫውን የሚያክ ከሆነ ትንንሽ ነጭ ትሎች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ በርካሽ መድኃኒት ይድናል፤ መላ ቤተሰቡ አብሮ መውሰድ አለበት።

የብረት ማዕድን እጥረት። ማታ ማታ እግሩን የሚያወራጭ፣ «እሹኝ» የሚል፣ ተኝቶም የሚራገጥ ልጅ ደሙ ይታይ። ፌሪቲን የሚባለው ምርመራ የተከማቸውን ብረት ያሳያል። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ ፌሪቲኑ ሊወርድ ይችላል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረቱን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። የብረት ኪኒን ግን ሳይመረመር አይሰጥም፤ ከልጆችም ይራቅ። በብዛት ከተዋጠ ይገድላል።

የሚወስደው መድኃኒት። ለሚጥል በሽታ እኛ አገር በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል አንዳንዱን ልጅ ያደነዝዛል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያቅበጠብጣል። በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙት። ሐኪሙን «ሰዓቱ ይቀየር ወይስ መድኃኒቱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. ጠዋቱን ያዙ

የሰውነትን ሰዓት የሚሞላው ብርሃን ነው። ጎንደር በዚህ ታድላለች። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ትወጣለች፤ እንደ ሰሜን አውሮፓ ክረምት ገብቶ ጨለማ የሚውጠን ሕዝብ አይደለንም። ችግሩ ቤታችን ነው። አንድ ትንሽ መስኮት፣ እሱም በመጋረጃ የተሸፈነ። ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን ከደጁ ጋር አይወዳደርም። ሐምሌና ነሐሴ ደመና ሲሸፍነው እንኳ ደጁ ይሻላል።

ስለዚህ፦ ልጁ ሌሊቱን እንዴትም ይደር፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሳ። 12 ሰዓት ተኩል ከሆነ ሁልጊዜ 12 ሰዓት ተኩል፤ እሑድም በዓልም። ከዚያ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ደጅ ይውጣ። ቤተ ክርስቲያን የምትስሙ ከሆነ ይዛችሁት ሂዱ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ ዛፉም ጸጥታውም እንዲህ ላለ ልጅ የተሠራ ይመስላል። ማራኪ ወይም አዘዞ አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ እስከ ዳቦ ቤት በእግር ማዝገም ይበቃል። መራመድ የማይችል ልጅ በረንዳ ላይ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ቁርሱን ይብላ። ፀሐይን ግን አፍጥጦ አይይ።

«ሌሊት አልተኛም፣ ይተኛ ተዉት» የሚል አዛኝ አይጠፋም። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን የሚቀጥለውን ሌሊት ያበላሻል።

4. የቀኑን እንቅልፍ በልክ አድርጉ

ጭራሽ አትከልክሉት። በተለይ ሜላቶኒኑ በቀን የሚመጣበት ልጅ ረፋድ ላይ ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም፤ በግድ ማንቃት ንዴትና ራስን መምታት ያመጣል። አንድ ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ ሲያዛጋ ከታየ ውኃ ያስነኩት፣ ደጅ አውጡት። ትምህርት ቤት የሚውል ከሆነ መምህርቷን ተነጋገሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከዋለ የእናንተ ልፋት ከንቱ ነው።

ቡናን በተመለከተ ብዙ ልል እችላለሁ፤ ላሳጥረው። በረካው ለልጅ አይሰጥም። «ቀጭን ነው፣ ምንም አይል» አትበሉ። ሻይም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ይቅር። እናንተም ብትሆኑ፣ ሌሊት ተረኛ ካልሆናችሁ በስተቀር፣ የ11 ሰዓቱን ቡና ወደ 8 ሰዓት አምጡት። ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

5. ምሽቱን በየቀኑ አንድ ዓይነት አድርጉ

እራት 12 ሰዓት ተኩል። ለብ ባለ ውኃ መታጠብ። መብራት መቀነስ። ጸሎት። መኝታ። ሰዓቱ ለእናንተ ቤት እንደሚመች ይሁን፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥ። መናገር የማይችል ልጅ «አሁን መኝታ ነው» የሚለውን የሚረዳው ከቅደም ተከተሉ ነው። ከፈለጋችሁ የየተራውን ነገር ሥዕል ካርቶን ላይ ለጥፉለት፦ ሳህን፣ ውኃ፣ ፒጃማ፣ አልጋ። እነዚህ ልጆች ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም፤ የሚመጣውን ካወቁ ግን ይረጋጋሉ።

ከባዱ ስልክና ቴሌቪዥን ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሰው በሚያድርበት ቤት «ቴሌቪዥን አጥፉ» ማለት አባትን ከዜና፣ እህትን ከድራማ መለየት ነው። ይገባኛል። ቢያንስ ልጁ ከመተኛቱ አንድ ሰዓት በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጉ፤ ልጁ የሚተኛበትን ጥግ በወፍራም መጋረጃ ለዩት፤ ስልክ በእጁ አይግባ። መብራት የሚጠፋ ዕለት ሻማውን እሱ ከማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ።

ጎንደር የ44ቱ ታቦት ከተማ ናት። ማኅሌት ያድራል፣ ድምፅ ማጉያ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የንጋቱ አዛን። ይህን መቀየር አንችልም፣ መቀየርም አልፈልግም። ልጁ በድምፅ የሚነቃ ከሆነ አልጋውን ከመንገዱ ወገን ካለው ግድግዳ አርቁት። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ ዝጉት፤ የንጋቱንም ብርሃን ይከላከላል። ሬዲዮ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ሲሆን የሚያሰማው «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ፣ ዝቅ ተደርጎ፣ ሌላውን ድምፅ ይሸፍናል።

6. ሌሊት ሲነቃ

ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱ፦ አደጋ እንዳይደርስበት፣ ደግሞም እንዳይዝናና።

አደጋውን ቀን ላይ አስወግዱት። ቢላዋ፣ ክብሪት፣ በረኪና፣ መድኃኒት ተቆልፎ ይደር። ጎንደር ሌሊት ትበርዳለችና ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት የተለመደ ነው፤ ተዉት። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭሱ ባይታይም ጋዙ ቤተሰብ ሙሉ ይፈጃል። ልጁ ደግሞ ሄዶ ይረግጠዋል። ልጁን ከውጭ በቁልፍ አትቆልፉበት፤ እሳት ቢነሳ መውጫ የለውም። ከዚያ ይልቅ በሩ ላይ ቃጭል ስቀሉ። ሲከፍተው ትሰማላችሁ። ጭንቅላቱን የሚያጋጭ ከሆነ ፍራሹን መሬት ላይ አውርዱና ግድግዳውን በአሮጌ ስፖንጅ ሸፍኑት።

ሲነቃ መብራት አታብሩ። ወሬ የለም፣ ቁጣ የለም፣ ምግብ የለም፣ ስልክ ደግሞ በጭራሽ። ሽንቱን ይሽና፣ ውኃ ይጎንጭ፣ «ሌሊት ነው፣ ተኛ» በሉትና ወደ ቦታው መልሱት። አሥር ጊዜ ቢነሳ አሥር ጊዜ ያንኑ። አሰልቺ ሁኑ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዳቦ በማር ያገኘ ልጅ ነገም በ9 ሰዓት ይነሳል፤ ማንም ቢሆን ይነሳል። ጭራሽ ተመልሶ የማይተኛ ከሆነም አታስገድዱት። በጨለማው ውስጥ ጸጥ ብሎ የሚነካካው አንድ ለስላሳ ነገር ስጡት።

7. ስለ መድኃኒት

መድኃኒት ቤት ሄዶ «ልጅ የሚያስተኛ ሽሮፕ» መጠየቅ አይገባም። ፕሮሜታዚን የሚባለው እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት ለምሳሌ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭራሽ አይሰጥም፤ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ የሆኑ ማረጋጊያ መድኃኒቶችም አየር ቧንቧው የሚዘጋበትን ልጅ ለአደጋ ይዳርጉታል። ደረጃ 2ን አትዝለሉ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሜላቶኒን ይሻላል፤ በእነዚህ ልጆች ላይ የተጠና ነው። ግን እሱም በሐኪም ምክር ነው። ብዙ ጊዜ በ0.5 ወይም በ1 ሚሊ ግራም ይጀመርና፣ ከመኝታ 30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይሰጣል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው፣ እንደ ከረሜላ የሚታኘከው ዓይነት ያሳስበኛል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩ 25 እንዲህ ያሉ ምርቶች በ22ቱ ላይ የተጻፈው መጠንና ውስጣቸው ያለው አልገጠመም፤ አንዱ ጭራሽ ሜላቶኒን አልነበረውም። ልጁም ከረሜላ መስሎት ጠርሙሱን ሙሉ ይጨርሰዋል።

ለስሚዝ-ማጌኒስ ልጆች ፈረንሳይ ውስጥ የተሞከረ ሌላ ዘዴ አለ። ጠዋት ቤታ ብሎከር የሚባለው የልብና የግፊት መድኃኒት ዓይነት ይሰጣል፤ በቀን የሚመጣውን ሜላቶኒን ይገታል። ማታ ደግሞ ሜላቶኒን ይሰጣል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። አስም ያለበት ልጅ ቤታ ብሎከር ከወሰደ ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ለሐኪማችሁ ጥቆማ እንዲሆን ብቻ ጻፍኩት።

ጸበል ማስጠመቅ ከፈለጋችሁ አስጠምቁት። ቅዝቃዜውን ተጠንቀቁ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀንም አታስቋርጡት፤ በድንገት ከቆመ ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። የሚያጠምቁትን አባት «መድኃኒቱን እየወሰደ ይጠመቅ?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።

8. ተራ ግቡ

እናት ብቻዋን ይህን ሁሉ መሸከም አትችልም። ሌሊቱን ለሁለት ክፈሉት፦ እስከ 8 ሰዓት አንዱ፣ ከ8 ሰዓት በኋላ ሌላው። አባት «ጠዋት ሥራ አለኝ» ካለ እሷም አላት በሉት። አያት ወይም አክስት በሳምንት አንድ ሌሊት ልጁን ይዘው ይደሩ፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ደብተሩ ላይ ጻፉላቸው። እናት ቀን ልጁ ሲያንቀላፋ አብራው ጋደም ትበል፤ ልብሱ ነገ ይታጠባል። ሳምንታት አልፈው ከንዴት በቀር ምንም የማይሰማት፣ የምታለቅስ፣ ልጁን ልጎዳው እችላለሁ ብላ የምትሰጋ ከሆነ ለራሷ ሐኪም ያስፈልጋታል። ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

ለውጡን በሦስት ቀን አትጠብቁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ፤ መጀመሪያ ጠዋቱን፣ ሲለመድ ምሽቱን። ከወር በኋላ ደብተሩን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጋር አስተያዩት። የሚነቃበት ሰዓት ከ8 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ተኩል ከተገፋ ትልቅ ነገር ነው።

በዓል ይመጣል፣ ያውም ጎንደር ላይ ጥምቀት። ከከተራ ጀምሮ ከተማው አይተኛም፤ እንግዳው፣ ጭፈራው፣ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ የሚጎርፈው ሕዝብ። ልጁን ከማኅበራዊ ኑሮ አታርቁት፤ ግን ጩኸቱን የማይችል ከሆነ ታቦት ሲወርድ ከዳር ሆኖ ያይና ሳይመሽ ቤቱ ይግባ። የሚያመሽ ከሆነ ማን ይዞት እንደሚገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማታ ቢረብሽም በማግስቱ በተለመደው ሰዓት ቀስቅሱትና ደጅ አውጡት።